1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ

ዛሬ እሑድ ነው። ምንም አልሆንኩም፤ ግን ሆድ ብሶኛል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና አፈላሁና አቦሉን ብቻ ጠጥቼ ቶናው ሳይደርስ ተነሣሁ። ባለቤቴ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ተኝቷል። ደጅ የባለፈው ሳምንት በረዶ ጨው ተነስንሶበት፣ የመኪና ጭስ ጠጥቶ፣ ጠቁሮ ተከምሯል። ስለ በረዶው ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ካልሆነም ስለ ጉልበቴ። ግን ከትናንት ጀምሮ አንድ ቁጥር እንደ ዝንብ ጆሮዬ ሥር ይዞራል፤ 1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ።

አቡሽ ትናንት ባስኬትቦል ሜዳ ላይ የቆየው ይህንኑ ያህል ነው።

አቡሽ የምለው፣ የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ፣ ያ ሃይስኩልን እኔ ቤት የጨረሰው የእህቴ ልጅ ነው። አሁን 1 ሜትር ከ93 ሆኗል። «አክስቴ፣ በናትሽ ጓደኞቼ ፊት አቡሽ አትበይኝ» ብሎ አስምሎኛል። ምዬለትም ነበር። ትናንት ከአራተኛው ረድፍ «አቡሽዬ!» ብዬ የጮኽኩት ግን እኔው ነኝ።

ኮሌጁ ፔንስልቬኒያ ውስጥ ነው፤ ትንሽ ነው፤ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ሰዓት ያህል ያስነዳል። በኮሌጆች ውድድር ሦስተኛው እርከን፣ ሦስተኛ ዲቪዚዮን የሚሉት ስለሆነ ለስፖርት ተብሎ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የለም። ንጋት 11 ሰዓት ተነሥቶ ክብደት የሚያነሣው፣ አውቶቡስ ውስጥ ተኮራምቶ የቤት ሥራውን የሚሠራው በነፃ ነው እንግዲህ። እኔ ደግሞ ጾም ሳይገባ ልድረስለት ብዬ ቋንጣ ፍርፍር ሠርቼ፣ ምሳ ዕቃ ሞልቼ፣ ዳቦ ቆሎ ጨምሬበት ነዳሁ።

ጨዋታው ገና ከእረፍት በፊት ያለቀለት ነበር። የኛዎቹ በ20 ምናምን ይመራሉ። አሰልጣኙ ግን ክንዱን አጣጥፎ ያው እነዚያኑ ልጆች እያሳረፈ መልሶ ያስገባል። እኔ ዓይኔን ከሰዓቱ አልነቅልም። 8 ደቂቃ ቀረ። 5 ቀረ። 2 ደቂቃ ተኩል ሲቀር እጁን ወደ ወንበሩ ጫፍ ዘረጋ።

አቡሽ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ከላይ የደረበውን ሸሚዝ በጭንቅላቱ ሊያወልቅ ሲል አንገቱ ላይ ተቀረቀረበት፤ አጠገቡ የነበረው ልጅ ጎትቶ ገላገለው። ሮጦ የመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ፊት ተንበረከከ። ደንቡ ነው፤ ፊሽካ ተነፍቶ ጨዋታው ካልቆመ ተቀያሪ አይገባም። ጨዋታው ደግሞ አልቆም አለ። ኳሱ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣ ተሳተ፣ ተለቀመ፣ እንደገና ሄደ። ልጄ አንድ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጣቶቹን መሬቱ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። 43 ሰከንድ! «አምላኬ፣ አንዱ ውጭ ይጣላት» ብዬ ጸለይኩ። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ እንደዚያ ከልቤ የጸለይኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ገባ። የመጀመሪያዋን ኳስ ተቀብሎ ቀጥ አድርጎ ለተቃራኒ ቡድን አቀበለ። ያንን ላስተካክል ብሎ ሮጦ ፋውል ሠራ። ከጥግ ሆኖ አንዴ ወረወረ፤ ቀለበቱንም ሰሌዳውንም መረቡንም ሳትነካ አለፈች። ፊሽካ። አለቀ።

አጠገቤ የተቀመጠው የአንዱ ቋሚ ተሰላፊ አባት ደግ ሰውዬ ነው፤ ፋንድሻውን ሲያካፍለኝ ነው የዋለው። «አይዞሽ፣ ደቂቃ የሚገኘው ልምምድ ላይ ነው» አለኝ። ልጁ 36 ደቂቃ ለተጫወተለት ሰው ይህን ማለት አይከብድም።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ከአሰልጣኙ ጋር ተሟገትኩ። እሱ የለም እንጂ ረታሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲቀዘቅዝ የዋለ ምጣድ ላይ ሊጥ አፍስሰህ ዓይን ያለው እንጀራ ትጠብቃለህ? ምጣድ ይሟሻል። ማሟሻው ይጣበቃል፣ ይቀደዳል፣ እንግዳ ፊት አይቀርብም፤ እኛም ልጆች ሆነን እየተሻማን የበላነው እሱን ነው። ግን መጀመሪያ ላይ ነው የሚጋገረው! እነዚህ ሰዎች ማሟሻውን የሚጋግሩት ሊጡ አልቆ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ከዚያ «አየሽ፣ ልጁ ገና ነው» ይሉሻል።

ነዳጅ ልቀዳ ስቆም ደረሰኙ ጀርባ ላይ አሰላሁት። ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው፤ በ5 ተጫዋች 200 ደቂቃ ይሆናል። ቡድኑ ውስጥ 16 ልጆች አሉ። እንደ ማኅበር ዳቦ እኩል ቢቆረስ ለያንዳንዱ 12 ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። እኩል ይቆረስ አላልኩም። እንዲያ ያለ ቡድን ቢኖር እኔም አልደግፈውም፤ አራት ዓመት ጉልበቱን የጨረሰ ልጅ አምና ከመጣ ልጅ ጋር እኩል ይቀመጥ ማለት ግፍ ነው።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ ሳገላብጥ ግን እንዲያ የሚሞክር አገኘሁ። አይዋ ውስጥ ግሪኔል የሚባል ኮሌጅ አለ፤ እሱም ሦስተኛ ዲቪዚዮን። አምስት አምስቱን በጅምላ እየቀያየሩ፣ ያለ እረፍት እየሮጡና ከሩቅ እየወረወሩ የሚጫወቱት ስልት አላቸው፤ ብዙ ልጅ ይገባል። ደስ አለኝ። ትንሽ ወረድ ብዬ ሳነብ እዚያው ስልት ውስጥ ጃክ ቴይለር የሚባል ልጅ በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. በአንድ ጨዋታ 108 ጊዜ ወርውሮ 138 ነጥብ አስቆጥሯል። 36 ደቂቃ ተጫውቶ። እኩልነት የሚባለውን ነገር ሰው እጅ ስታስገቢው እንዲህ ነው የሚሆነው። ስልኩን ገልብጬ ተኛሁ፤ ማለት ለመተኛት ሞከርኩ።

ባለቤቴ አሜሪካ ሲመጣ መጀመሪያ ያረፈው ሰሜን ካሮላይና ነው፤ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ የነበረውን ዲን ስሚዝን ሳያነሣ የሚያልፍ የባስኬትቦል ወሬ የለውም። እኔም እየሰለቸኝ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ። ሰውዬው 36 ዓመት አሰልጥኖ 879 ጊዜ አሸንፏል፤ ስለዚህ ዋዘኛ አልነበረም። «ሰማያዊ ቡድን» የሚባሉ ተቀያሪዎች ነበሩት፤ አምስቱን ባንድ ላይ በመጀመሪያው አጋማሽ፣ ጨዋታው ገና ሳይለይለት፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይለቃቸዋል። ቋሚዎቹ ትንፋሽ ይሰበስባሉ፤ እነዚያ ደግሞ ያለ የሌለ ኃይላቸውን አውጥተው ይሮጣሉ። የደከመው ተጫዋች ራሱ ጡጫውን ከፍ አድርጎ «አውጡኝ» ይላል፤ እንዲያ ብሎ የወጣ መቼ እንደሚመለስም የሚወስነው ራሱ ነው። አያችሁ? ማሟሻውን በቦታው የጋገረ ሰው ማለት ይኼ ነው። እኔ ለአቡሽ የምለምነው 12 ደቂቃ አይደለም። ከእረፍት በፊት አራት ደቂቃ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ስህተቱ የሆነ ነገር በሚያስከፍልበት ሰዓት። ስህተቱ ማንንም በማይጎዳበት ሰዓት የገባ ልጅ ምን ይማራል?

ባለቤቴ ይህን ስነግረው (ዓይኑን ሳይገልጥ) «ዱክን ረሳሽው?» አለኝ። አልረሳሁትም። ዱክ የነዲን ስሚዝ ቡድን ባላንጣ ነው። እ.ኤ.አ. 2015፣ የኮሌጆች ፍጻሜ ጨዋታ ነው፤ ሰሞነ ሕማማት ሰኞ ማታ። እኔ ሰግጄ ወገቤን ይዤ ስገባ እሱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዊስኮንሲን ዱክን እንዲያሸንፍለት ይማጸናል። «አንተ ሰውዬ፣ ሕማማት እኮ ነው!» አልኩት። አልሰማኝም። ያን ዓመት ዱክ ስኮላርሺፕ ያላቸው ተጫዋቾቹ ተመናምነው 8 ብቻ ቀርተውታል። ግሬሰን አለን የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ነበራቸው፤ ወቅቱን ሙሉ በአማካይ 9 ደቂቃ ገደማ ነው ያጫወቱት። በፍጻሜው ገባና 16 ነጥብ ጥሎ ዋንጫውን ይዘው ሄዱ፤ 68 ለ 63። ባለቤቴ እስከ ፋሲካ አኩርፎ ቆየ። አሁን ያን ልጅ የሚያነሣው ልጁን ወዶት ሳይሆን እኔን ሊረታ ነው፤ «9 ደቂቃ በቂው ነበር» ለማለት።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ያሰብኩት። የገባው እኮ ሰው ስለጎደለ ነው።

እኔም ዶሮ ወጥ የሠራሁት ሰው ስለጎደለ ነው። እስከ 19 ዓመቴ ሽንኩርት ከታፊ ነበርኩ፤ ከፍ ሲል ሎሚና ጨው ይዤ ዶሮ አጣቢ። ድስቱን ማማሰል እንኳ «አንቺ ታሳርሪዋለሽ» ነው። ዶሮ ደግሞ እንደ ሽሮ ዐርብ ተሠርቶ የሚለመድ አይደለም፤ የሚሠራው ለበዓል ነው፣ በበዓል ቀን ደግሞ ማንም ለጀማሪ ድስት አይሰጥም። ታዲያ መቼ ይለመዳል? ለአንድ ፋሲካ ዋዜማ እማዬ ወገቧን ያዛትና አልጋ ላይ ቀረች። ከመኝታ ቤት «ሽንኩርቱ ደረቀ? ዘይት እንዳታስገቢ ገና! ሽታው አልመጣልኝም!» እያለች ትጮኻለች፤ እኔ በአንድ እጄ እንባዬን እጠርጋለሁ፣ በአንዱ አማስላለሁ። 12 ብልት መውጣት ያለበት ዶሮ 13 ወጣልኝ። እስካሁን አስራ ሦስተኛው ምን እንደነበረ አላውቅም። አባዬ ቆርሶ ቀመሰና «እጅሽ ይባረክ» አለኝ፤ ከዚያ ውኃ ሦስት ጊዜ አስሞላ።

ምን ልል ነበር?

አዎ፣ አቡሽ። ከጨዋታው በኋላ በሩ ላይ ጠበቅኩት። ማጽናኛ አዘጋጅቻለሁ፤ ፊቴንም የልቅሶ ቤት አድርጌዋለሁ። ፀጉሩ እርጥብ እንደሆነ ወጣና እየሳቀ «አክስቴ፣ አየሽኝ?» አለኝ። አየሁህ አልኩት። ከዚያ ስለራሱ መጫወት አንድ ቃል ሳይናገር ስለ ሌላው ያወራኝ ጀመር። ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ ላይ እሱ የተቃራኒውን ቡድን 11 ቁጥር ሆኖ ነው የተጫወተው፤ ልጁ በየት እንደሚዞር፣ በየትኛው እጁ እንደሚነዳ በቪዲዮ አጥንቶ፣ ቋሚዎቹ እሱን እየተከላከሉ እንዲለምዱ። «ዛሬ 6 ነጥብ ላይ ነው ያስቀረነው» አለኝ። ያስቀረነው! እሱ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ነበር። ያ ፋንድሻ ያካፈለኝ ሰውዬ ይህን ነው ልምምድ ያለው? እንግዲህ ልጁ ሥራውን ዐርብ ማታ ጨርሶት ነበር ማለት ነው፤ ደመወዙ ነው 1 ደቂቃ ከ47።

እህቴ ደወለች፤ አዲስ አበባ ሌሊት 7 ሰዓት ሆኖ እሷ አልተኛችም። «ተጫወተ?»

«ተጫወተ።»

«ስንት አገባ?»

«ባስኬትቦል እኮ በማግባት ብቻ አይደለም» አልኳት። እሱን እንኳ በደንብ አላብራራሁላትም፤ መስመሩ ተቆረጠ ብዬ ዘጋሁ።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ለማንም አልተናገርኩትም። ጨዋታው 61 ለ 58 ቢሆን፣ 4 ደቂቃ ቢቀር፣ እኔ ክንዴን አጣጥፌ እዚያ ጋ ብቆም፣ ያን ልጅ፣ ያን ያሳደግኩትን ልጅ፣ አስገባዋለሁ? ያቺን ቀጥ ብላ ለተቃራኒ የሄደችውን ኳስ ካየሁ በኋላ?

ቅድም የጨዋታውን ሰንጠረዥ ከፍቼ አየሁ። ስሙ መጨረሻ ላይ ነው። ነጥብ 0፣ ሪባውንድ 0፣ ያስነጠቀው 1፣ ፋውል 1። ደቂቃ ላይ ግን 2 ተብሎ ተጽፏል፤ ሰንጠረዡ ሰከንድ አይጽፍም፣ ወደ ሙሉ ደቂቃ ነው የሚያጠጋጋው። 13 ሰከንድ መረቁለት! እንዴት ደስ እንዳለኝ። ፎቶ አንሥቼ ለእህቴ ላክሁላት።

ከዚያ ለእሱም አንድ ነገር ልጻፍለት አልኩ። «ኮርቼብሃለሁ» ብዬ ጻፍኩና ልቅሶ ልቅሶ አለኝ፣ አጠፋሁት። «በሚቀጥለው ብዙ ትጫወታለህ» ብዬ ጻፍኩ፤ ማን ስለሆንኩ? አጠፋሁት። መጨረሻ ላይ «በላህ?» ብዬ ላክሁ።

«ገና ነኝ» አለኝ።

ፍርፍሩ እስካሁን መኪናዬ ውስጥ ነው።