ቀይ ጥፍር፣ ሽንኩርትና ሦስተኛው ማዕበል

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፈው በገሀድ ማታ፣ ሜሪላንድ፣ ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነው። ቁሌቱ ምድጃ ላይ ነው። ዶሮዋ በሎሚና በጨው ተዘፍዝፋለች። ስልኬ ራሱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ዘንድሮ መልእክቴ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው አምና በዚችው ሌሊት፣ በጥፍር ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ ሽንኩርት ልታግዘን መጣች። ጥፍሯ ረጅም፣ ደም የመሰለ ቀይ። ከንፈሯም እንደዚያው። እማዬ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻትና «አንቺ፣ የሴቶች መብት ነው የምማረው አላልሽም? ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት።

ልጅቷ ሳቀች። «እማማ፣ ይሄ እኮ ሦስተኛው ማዕበል ነው!»

እማዬ የባሕር ወሬ መስሏት ዝም አለች። እኔም ብዙ አልሻልም ነበር። ፌሚኒስት ሲባል ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው ኩል የማትነካ፣ ሁሌ የተቆጣች ሴት ነበረች። ያን ቀን ልጅቷን በጥያቄ አደረቅኳት። ዓመቱን ሙሉም ሳነብ ከረምኩ። ለካ ማዕበል የሚሉት የሴቶች መብት ትግል በየዘመኑ የተነሣበትን ምዕራፍ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

የመጀመሪያውን ማዕበል ለመረዳት ብዙ አይከብድም። በ1848 ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተንና ጓደኞቿ ኒውዮርክ ውስጥ ሴኔካ ፎልስ በምትባል ከተማ ተሰብስበው፣ ከብዙ ጥያቄዎቻቸው መሃል የመምረጥ መብት ጠየቁ። መብቱ በሕገ መንግሥት የተጻፈው በ1920 ነው። ሰባ ሁለት ዓመት! በዚያው ዘመን ሉሲ ስቶን የምትባል ሴት በ1855 አግብታ፣ ኋላ ላይ «የባሌን ስም አልወስድም» ብላ አገር ጉድ አሰኘች። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ። የእኛ ሴት ስትዳር ስሟን ይዛ ነው የምትሄደው። እዚህ አገር «የአንቺና የባልሽ ስም ለምን አይመሳሰልም?» ተብላ ያልተጠየቀች አበሻ ካለች ትንገረኝ። እርግጥ የያዝነው የአባታችንን ስም ነው። እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

ሁለተኛው ማዕበል የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ነው። ድምፅ ተገኝቷል፤ አሁን ደሞዝ፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ የቤት ውስጥ ኑሮ። የእኩል ክፍያ ሕግ በ1963 ወጣ። እስከ 1974 ድረስ ባንክ አንዲትን ሴት «የባልሽን ፊርማ አምጪ» ብሎ ክሬዲት ካርድ ሊከለክላት ይችል ነበር። እማዬ ይህን ስነግራት «እቁብ አልነበራቸውም?» አለችኝ።

ከዚያ 1991 መጣ። አኒታ ሂል የምትባል ጥቁር የሕግ መምህርት ሴኔት ፊት ቀረበች። ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት የታጨው ክላረንስ ቶማስ አለቃዋ በነበረ ጊዜ በወሲባዊ ንግግር ያስቸግራት እንደነበር ተናገረች። እሱ አስተባበለ። የሚጠይቋት 14 የኮሚቴ አባላት ሁሉም ነጭ ወንዶች ነበሩ። ቶማስ 52 ለ 48 አለፈ። የ22 ዓመቷ ሬቤካ ዎከር ደሟ ፈላ። በ1992 መጀመሪያ ሚዝ በተባለው መጽሔት ላይ «ሦስተኛው ማዕበል እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች። እናቷ ደራሲዋ አሊስ ዎከር ናት። በሁለተኛው ማዕበል ሰዎች መሃል ያደገች ልጅ ናት እንግዲህ።

ሦስተኛው ማዕበል ከቀደሙት የሚለይበት የገባኝ «ሴት ስትሉ የትኛዋን ነው?» በሚለው ጥያቄ ነው። በ1913 ዋሽንግተን ውስጥ ለመምረጥ መብት ትልቅ ሰልፍ ተደርጎ ነበር። ጥቁሯን ጋዜጠኛ አይዳ ዌልስን «ጥቁር ሴቶች ከኋላ ተሰለፉ» አሏት። እሷ ከዳር ቆማ ጠበቀች፤ የኢሊኖይ ሴቶች ሲደርሱ ከሕዝቡ መሃል ወጥታ ከፊት ተቀላቀለች። ሰልፉ ባለፈበት በፔንሲልቬኒያ ጎዳና ስንት ጊዜ ነድቻለሁ፣ ይህን ሳላውቅ።

የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ ደግሞ በ1989 አንድ የሴንት ሉዊስ ክስ አነሳች። አምስት ጥቁር ሴቶች ጄኔራል ሞተርስን ከሰው ነበር። ድርጅቱ ሴት ቀጥሯል ወይ? አዎ፣ ነጮቹን፣ ቢሮ ውስጥ። ጥቁርስ? አዎ፣ ወንዶቹን፣ ፋብሪካ ውስጥ። ጥቁር ሴቶቹ ዘግይተው ስለተቀጠሩ ቅነሳ ሲመጣ ቀድመው ወጡ። ፍርድ ቤቱ በ1976 ሁለቱን በደል ቀላቅላችሁ መክሰስ አትችሉም አላቸው። ክሬንሾ ነገሩን በመስቀለኛ መንገድ መሰለችው፤ መኪናው ከዚህም ከዚያም ይመጣል፣ መሃል የቆመችው ትገጫለች።

ይሄ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቤሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችንን አስቡ። ፓስፖርቷን የምትቆልፍባት «ማዳም»ም እኮ ሴት ናት።

ወደ ጥፍሩ ልመለስ። የሦስተኛው ማዕበል ልጆች «ቀይ ከንፈርም፣ ተረከዝ ጫማም፣ ዳቦ መጋገርም ምርጫዬ ከሆነ መብቴ ነው» ይላሉ። እኔ እዚህ ላይ ትንሽ እቆማለሁ። «ምርጫዬ ነው» የምትል ቃል ብዙ ነገር ትሸፍናለች። ዶሮ ወጥ መሥራት እወዳለሁ። ግን ማን ጠየቀኝ? ሳሎን ቁጭ ያሉት ወንድሞቼስ ኳስ ለማየት መርጠው ነው ወይስ ቦታው እንዲሁ ስለጠበቃቸው?

ይህን ዛሬ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ዘንድሮ ጥፍሯ ሰማያዊ ነው። ምንም አልመለሰችልኝም። ሁለተኛውን የሽንኩርት ከረጢት፣ መክተፊያውንና ቢላውን ይዛ ሳሎን ገባችና ታላቅ ወንድሜ ጭን ላይ አስቀመጠችው። እማዬ «ኧረ በገሀድ ምድር!» አለች፣ ግን አልከለከለችም።

አሁን ከዚህ ይሰማኛል። ንፍጡን እየሳበ ነው፤ «በስንቱ ነው የሚከተፈው?» ይላል። ኳሱን ማንም እያየው አይደለም።

መልካም ገና! ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቅ በሉ። እንቁላሉ ለሁሉም ይደርሳል።