ስንቴ ሞላኸው?

ብዙ ተመራማሪ በጽሑፉ የጠቀሰልኝ የጥናት ወረቀት የትኛው እንደሆነ ስጠየቅ ትንሽ አፍራለሁ። ሦስት ዓመት ላብ ውስጥ ላቤን ያፈሰስኩበት አይደለም። አንድን ሊጋንድ፣ ማለትም ብረታ ብረትን የሚይዝ ሞለኪውል፣ በግራም ሳይሆን በሃምሳ ግራም እንዴት እንደሚሠሩት የሚያስረዳ፣ እግረ መንገዴን የጻፍኩት አጭር ጽሑፍ ነው። የምኮራበት ወረቀት እስከ ዛሬ 11 ጊዜ ተጠቅሷል። አራቱን የጠቀስኩት እኔው ነኝ።

ሙያዬ ኦርጋኖሜታሊክ ኬሚስትሪ ነው፤ ካርቦን ከብረታ ብረት ጋር በቀጥታ የሚተሳሰርባቸው ውህዶች ጥናት። ለዶክትሬት ጀርመን ስሄድ የደረሰኝ ሱዙኪ ካፕሊንግ ነበር። ፓላዲየም የተባለውን ብረታ ብረት ተጠቅሞ ሁለት የካርቦን ቁራጮችን ማገናኘት ነው፤ አኪራ ሱዙኪ ከሪቻርድ ሄክና ከኤኢቺ ኔጊሺ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ኖቤል ያገኘበት።

የመጀመሪያው ዓመት ሽሌንክ ላይን ላይ አለቀ። ሁለት የመስታወት ቱቦ ነው፤ አንዱ አየር መምጠጫ ቫክዩም፣ አንዱ ከሌላ ነገር ጋር የማይዋሃድ ጋዝ፣ አርጎን። የፍላስኩን አየር ታስወጣለህ፣ አርጎን ትሞላለህ፣ ሦስት ጊዜ። ሰንፈህ ሁለቴ ላይ ካቆምክ ፓላዲየሙ ይጠቁርና ፍላስኩ ላይ ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። አማካሪዬ አይቆጡም። ጥቁሩን ያዩና "ስንቴ ሞላኸው?" ብለው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ጉድ መጣ። ለማነጻጸሪያ ብዬ ፓላዲየም ያልጨመርኩበት ሪአክሽን አስነሳሁ። ምንም መስጠት አልነበረበትም። ሲነጋ ምርቱ 80 ከመቶ ደርሷል። ደገምኩት፣ ያው። እንቅልፍ አጣሁ። "ሱዙኪ ያለ ፓላዲየም" የሚል ርዕስ አወጣሁ፣ ጆርናል መረጥኩ፣ ኖቤል ልቀበል ስቶክሆልም ለብሼው የምሄደውን ጋቢ ሳይቀር አሰብኩ።

አማካሪዬ ሲሰሙ ፊታቸው አልፈታም። "ፍላስክ ቀይር፣ ሶዲየም ካርቦኔት ቀይር፣ ማግኔት ቀይር። አንድ በአንድ" አሉኝ። ፍላስኩን ቀየርኩ፤ ያው 80። ካርቦኔቱን ቀየርኩ፤ ያው። የምታማስለውን ማግኔት ስቀይር ዜሮ። አሮጌዋን በማጉያ መነጽር አየኋት። ነጩ ቴፍሎን ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች፤ ውስጧ ግራጫ ነገር። ከኔ በፊት የነበረ ሰው የተጠቀመበት ፓላዲየም እዚያ ተደብቆ ኖሯል።

ካርቦኔቱን የጠረጠሩት በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የምርምር ቡድን ሱዙኪን ያለ ፓላዲየም ሠራን ብሎ አሳትሞ ነበር። በ2005 ያው ቡድን ተመልሶ፣ ሥራውን የሠራው ሶዲየም ካርቦኔቱ ውስጥ የነበረ ፓላዲየም ሳይሆን አይቀርም አለ። መጠኑ ከቢሊዮን 50 እጅ ያህል ብቻ! እኔ ከመጀመሪያው ወረቀታቸው ይልቅ ሁለተኛውን አከብራለሁ። ሳይቴሽን (ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ) ቆጣሪው ግን ይህ አይገባውም። "ግሩም ነው" ያለውንም "ተሳስተዋል" ያለውንም እኩል አንድ ብሎ ይመዘግባል።

በዚያው በ2005 ሆርሄ ኸርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ የተመራማሪ መለኪያ የሆነውን ኤች-ኢንዴክስን አመጣ። ኤች-ኢንዴክስህ 20 ነው ማለት፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ወረቀቶች አሉህ ማለት ነው። ሥራ ስፈልግ ይህን ቁጥር እንደ ዶላር ምንዛሪ በየቀኑ አየው ነበር። ከፍ ይልልኛል ብዬ አንድ ጥናት ቆራርጬ ሦስት ወረቀት አደረግኩት። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሦስቱንም ዞር ብሎ ያያቸው የለም።

ከማግኔቷ በኋላ ግን አባሪ፣ ማለትም ከወረቀቱ ጋር የሚያያዘው የአሠራር ዝርዝር፣ አጻጻፌ ተቀየረ። ድሮ "በአርጎን ሥር ተሠራ" ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ስንቴ እንደተሞላ፣ ፍላስኩን የሚያሞቀው ዘይት ስንት ዲግሪ እንደነበር፣ ማግኔቷ አዲስ መሆኗን ጭምር እጽፋለሁ። ከመላኬ በፊት ጉዳዩን የማያውቅ ተማሪ ጽሑፉን ብቻ ይዞ ይሠራዋል፤ እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ። እንዳልጠቁመው በሩን ጭምር እዘጋለሁ። ካልሆነለት ተማሪውን ሳይሆን ጽሑፉን አርማለሁ። ያ የሃምሳ ግራሙ ወረቀት የተጻፈው እንዲህ ነው። የጠቀሱት ሰዎች ሐሳቡን አድንቀው አይመስለኝም። ሊጋንዱ አስፈለጋቸው፣ ሠሩት፣ ሆነላቸው፣ ጠቀሱ።

ባለፈው ወር አንድ ተማሪ ከሕንድ ኢሜይል ላከልኝ። እንደጻፍኩት አድርጎ፣ ጥርት ማለት የሚገባው ፈሳሽ ደፍርሶበታል። ፎቶም አያይዟል። ስንቴ እንደሞላው ጠየቅኩት።

"ሁለቴ" አለ።