ሰርገኛው ከሄደ በኋላ

የካቲት 16 ቀን 2017፣ እሑድ ማታ፣ ከወቅቱ የመጨረሻ ሰርግ ተመለስኩ። በማግስቱ ሁዳዴ ይገባል። ካሜራዬን ከነቦርሳው ቁም ሳጥን ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት 11 ሰርግ አንስቻለሁ። ሃርድ ዲስኬ ላይ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ፎቶ አለ። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ከእነዚያ ሁሉ አንዱን በዓይነ ሕሊናዬ ላየው ሞከርኩ። አንድም አልመጣልኝም።

ደነገጥኩ። ድካም ነው ብዬ ልተኛ ብል እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሰርግ ማንሳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሥራዬን የጠላሁት እንዳይመስላችሁ። የቤት ኪራዬን የከፈልኩት፣ ታናሽ ወንድሜን ያስተማርኩት በሱ ነው። ግን እጄ ብቻውን መሥራት ጀምሮ ነበር። ሙሽሮቹ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ቲክቶክ ላይ ያዩትን ያሳዩኛል። «እንደዚህ አድርጊልን» ይሉኛል። አደርግላቸዋለሁ። ረዳቴ ቬሉን ከኋላ ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ ሙሽራው ግንባሯን ይስማታል፣ ጠቅ። ማታ ኤዲት ለማድረግ ስቀመጥ «ፊቴን ትንሽ ቀላ አድርጊልኝ» የሚል መልእክት ይጠብቀኛል። እሱንም አደርጋለሁ። ለመሆኑ ፎቶ ማንሳት የጀመርሽው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ የምመልስለት አልነበረኝም።

ሁዳዴ ለእኛ ለሰርግ አንሺዎች ባዶ ጊዜ ነው። 55 ቀን ሙሉ የተክሊል ሰርግ የለም። በሌላው ዓመት ልደት አነሳለሁ፣ ለሱቆች የዕቃ ፎቶ እሠራለሁ፣ ብቻ ቀኑን እገፋዋለሁ። ያን ዓመት ግን ሰኞ ጠዋት ከሰፈራችን ሱቅ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። ልጅ ትምህርት ቤት ይዞት የሚሄደውን ዓይነት። መጀመሪያ ስልኬ ላይ ልጽፍ ሞክሬ ነበር። ሁለት መስመር ሳልጨርስ «አልበማችን መቼ ነው የሚደርሰው?» የሚል የደንበኛ መልእክት ይመጣል።

የመጻፊያ ሰዓቴን ጾሙ ራሱ መረጠልኝ። እስከ 9 ሰዓት ነው የምቆየው። የጾመ ሰው ያውቀዋል፣ ከ8 እስከ 9 ያለችው ሰዓት አትገፋም። ሆድ ይጮኻል፣ ሥራ አይያዝም፣ እንቅልፍም አይመጣም። እሷን ሰዓት ለደብተሩ ሰጠኋት። 9 ሲሆን እዘጋዋለሁ። ሽሮዬን እበላለሁ፣ ከጎረቤቴ ጋር ቡና እጠጣለሁ፣ ስለ ደብተሩ ለማንም አላወራም።

የዘወረደና የቅድስት ሳምንት ገጾች ምሬት ናቸው። ከላይ እስከ ታች ምሬት። ቀሪ ክፍያውን ሳይሰጠኝ ስልኩን ስለዘጋ ደንበኛ፣ ስለ ሌንስ ዋጋ፣ በግማሽ ብር ስለሚሠሩ ልጆች። አልሰረዝኩትም። አሁን ሳስበው መውጣት ነበረበት። ከሥሩ ያለው ነገር የሚታየው የላዩ ከተጠረገ በኋላ ነው። ግን በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ምሬቱም ራሱን ይደግም ጀመር። የሚጻፍ አጣሁ።

በምኩራብ ሳምንት አያቴ ትዝ አሉኝ። የእናቴ አባት ናቸው። ዳዊታቸው መጨረሻ ላይ ባዶ ቅጠሎች ነበሩት። ልጅ ሲወለድ እዚያ ላይ ይጽፋሉ። በሬ ሲሞት ይጽፋሉ። ዝናብ የዘገየበትን ዓመት፣ ያበደሩትን እህል፣ ሁሉንም። ልጅ ሆኜ እናቴ አንብባልኛለች። አዘንኩ፣ ተደሰትኩ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። «ቀዩ በሬ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ሞተ» ብቻ። ሐዘናቸው ግን እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጧል። «ቀዩ» የሚለው ቃል ላይ።

እኔም ደንቡን ቀየርኩ። ምን ተሰማኝ ማለት ቀረ። ምን አየሁ ብቻ። ሥራ ስለሌለ ደግሞ የማየው የሰፈር ነገር ነው። ስለዚህ እስክሪብቶው እያደር ወደ ሰርጎቹ ተመለሰ። ከደብተሩ እንዳለ ልገልብጠው፦

«መጋቢት 2። ቄጠማው ተረግጦ ወለሉ ላይ ተለጥፏል። አንዲት ልጅ በባዶ እግሯ ትሄድበታለች።»

«መጋቢት 4። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው አንድ ትከሻቸው ላይ ብቻ ነው። ክላክሱ ገና ከመንገዱ አልጠፋም።»

«መጋቢት 6። ድስት የሚያጥቡት ሴቶች ዘፈናቸውን አቁመዋል። ውኃ ሲፈስ ብቻ ይሰማል።»

ይህን ስጽፍ ምንም አልጠረጠርኩም። ሰርግ ነው የጻፍኩት፣ በቃ።

ደብረ ዘይት ላይ፣ እኩለ ጾም ስለሆነ መሰለኝ፣ ደብተሩን ከመጀመሪያው ላነብ ተነሳሁ። እስከዚያ ድረስ ወደ ኋላ ገልጬ አላውቅም። በዕቅድ ያደረግኩት አልነበረም። አሁን ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ይመስለኛል። በየቀኑ የሚያነብ ሰው የሚያየው ትናንትን ብቻ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ግን የጻፈውን ሰው እንደ ሌላ ሰው ታየዋለህ። ያች ሴትዮ ምን ትላለች፣ ምን ትደጋግማለች፣ ምኑን ትሸሻለች ትላለህ። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ በዓይኔ ያየሁት ነገር በተጻፈበት ቦታ ሁሉ አሰመርኩ። 19 ቦታ ሆነ። ከ19ኙ 13ቱ በአንድ ዓይነት ሰዓት የሚሆኑ ናቸው። ሰርገኛው ሙሽራዋን ይዞ ከወጣ በኋላ፣ በቤቷ ውስጥ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ሥራችንን ላስረዳ። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ይመጣል። ልጃገረዶቹ በሩን ይዘው አናስገባም ይላሉ። ጭቅጭቁ፣ ሳቁ፣ ሽቶው፣ በመጨረሻ ይገባሉ። ሙሽሮቹ የወላጆችንና የአያቶችን ጉልበት ይስማሉ፣ ይመረቃሉ። እናት ማልቀስ ትጀምራለች። ያን ጊዜ እኔ ከሁሉም ቀድሜ መውጣት አለብኝ። መኪና ውስጥ ሲገቡ ማንሳት አለብኝ፣ ከዚያ ከፊታቸው ባለው መኪና ሆኜ መንገዱን፣ ከዚያ ፓርኩን፣ ከዚያ አዳራሹን። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከሰርገኛው ኋላ ቀርቼ አላውቅም። ደብተሩ ላይ የጻፍኩትን በሙሉ ያየሁት የረሳሁትን ቦርሳ ለማንሳት ስመለስ፣ ወይም በመኪናው መስኮት ዞር ስል ነው። የአንድ ደቂቃ፣ የሁለት ደቂቃ እይታ።

ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ካሜራውን ተውኩትና ሃርድ ዲስኩን አወጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ 40ውን ሺህ ፎቶ አገላበጥኩ። ከዚያች ሰዓት የተነሳ አራት ፎቶ አገኘሁ። አራቱም ሳላስበው የተነሱ ናቸው። አንዱ በመኪናው የኋላ መስታወት በኩል የተነሳ ነው። ፎከሱ ስቷል። አጥሩ በር ላይ የአንዲት እናት እጅ ብቻ ይታያል። ብረቱን ይዛለች። ለደንበኛ የማይሰጥ ፎቶ ነው፣ በሥራ ቀን ቢሆን በአንድ ጠቅታ አጠፋው ነበር። እሱን ትልቅ አድርጌ ከፍቼ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ያነሳሁት ፎቶ ነው አልኩ።

በገብር ኄር እሑድ ቤተ ክርስቲያን መክሊቱን ስለቀበረው ባሪያ ተሰበከ። ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ የምሰማው ወንጌል ነው። ያን ቀን ግን እኔን አልመሰለኝም። እኔ መክሊቴን አልቀበርኩም። በየሳምንቱ አውጥቼ ስሸጠው ነበር። ይሄኛውን የሚመለከት ምሳሌ እንዳለ እያሰብኩ ወደ ቤት ሄድኩ። ከሰዓት ላይ ደብተሩን ስከፍት ስለ እህቴ ጻፍኩ።

ታላቅ እህቴ ያገባችው በ1992 ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ሰርገኛውን ልከተል ስሮጥ መኪናው ሁሉ ሞላ። «አንቺ ከእማዬ ጋር ቆዪ» ተባልኩ። አጥሩ ሥር ሆኜ አለቀስኩ። ሳለቅስ ማንም ስላልመጣልኝ ወደ ቤት ገባሁ። ቤቱ በጣም ጸጥ ብሏል። እማዬ እህቴ ክፍል ውስጥ ቆማ ነበር። ትራሷን አንስታ አሸተተችው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው፣ አንሶላውን በእጇ አስተካከለች፣ ወጣች። በሩ አጠገብ እንደቆምኩ አላወቀችም።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለራሴም የነገርኩት አይመስለኝም። ስድስት ገጽ ጻፍኩ፣ 9 ሰዓት አልፎ 11 ሆነ፣ ሽሮው ቀዘቀዘ።

በኒቆዲሞስ ሳምንት ኤድዋርድ ዌስተን ስለሚባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ አነበብኩ። በፈረንጆች 1911 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ፎቶ ቤት ከፍቶ በደንበኞች ፎቶ ይኖር የነበረ ሰው ነው። የደንበኛን ፊት እያስተካከሉ ማሳመር ያንገሸግሸው ነበር። በ1923 ወደ ሜክሲኮ ሄደ። እዚያም ከተመለሰ በኋላም ለዓመታት የዕለት ማስታወሻ ጻፈ። ገጾቹ ላይ የገንዘብ ጭንቀት አለ፣ ስለ ደንበኛ የተጻፈ ምሬት አለ። በ1930 አንድ ቃሪያ አነሳ። ዘይት ወደ ጠርሙስ በሚገለበጥበት የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ ነው ያነሳው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በዚያ ቃሪያ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ቃሪያው አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ሌላ ሰው «ፊቴን አሳምርልኝ» ከሚል ደንበኛ ጋር እየኖረ፣ በጎን ደብተር እየጻፈ ዓይኑን መፈለጉ ነው።

ሆሳዕና ላይ ደብተሩ ወደ ጥያቄ ተለወጠ። ይህን የማንሳት መብት አለኝ ወይ? ለሰርግ ተከፍሎኛል፣ ለሐዘን አልተከፈለኝም። እማዬን ያኔ አንድ ሰው ትራሱን ስታሸት ቢያነሳት እኔ ምን እል ነበር? ሦስት ቀን ተሟገትኩበት። መጨረሻ ላይ የደረስኩበት ቀላል ነው። ቀድሜ እናቲቱን እጠይቃለሁ። እንቢ ካሉ አልነካም። እሺ ካሉም ፎቶው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው፣ እኔ ገጽ ላይ አልለጥፈውም። ይህን ሳልጽፈው ብሄድ ኖሮ ካሜራዬን ይዤ ዝም ብዬ የምገባ ይመስለኛል። እንደዚያ ባለማድረጌ ደስ ይለኛል።

ከፋሲካ በኋላ እስከ ሐዋርያት ጾም መግቢያ ሰባት ቤት አነሳሁ። ሁለት እናቶች አይሆንም አሉኝ፣ ተውኩት። ረዳቴን በደንብ አሠልጥኜ ከሰርገኛው ጋር እሱን እልካለሁ፣ እኔ 20 ደቂቃ ቀርቼ በኋላ እደርሳለሁ። ይህን ውል ስንፈራረም ስለምነግራቸው ሁለት ደንበኛ ሌላ አንሺ መርጧል። ገቢዬ ትንሽ ቀንሷል። የተቀሩት ሰርጎች ፎቶ ግን፣ የፓርኩም የአዳራሹም ሳይቀር፣ ተሻሽሏል። ለምን እንደሆነ ገና እየጻፍኩበት ነው። ደብተሩ ሦስተኛ ሆኗል።

የመጀመሪያው ቤት ሚያዝያ 19፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ቀጨኔ አካባቢ ነበር። ሰርገኛው ወጣ። ክላክሱ ቁልቁል ወረደ። ፍላሹን ነቅዬ 35 ሚሊሜትሩን ሌንስ አሰርኩ። እናትየውን ጠዋት ጠይቄያቸው እሺ ብለውኝ ነበር፣ በወከባው ግን ረስተውታል።

«አንቺ አልሄድሽም እንዴ ልጄ? ሄዱ እኮ!»

«እደርሳለሁ እማዬ። ትንሽ ልቆይ ብዬ ነው፣ ጠዋት እንደነገርኩዎት።»

«እንግዲያው እህል ቅመሺ» አሉኝና ሰሐን ሊያመጡ ገቡ። ሲመለሱ በልጃቸው ክፍል በር ላይ ቆሙ። አልጋው ሥር የሙሽራዋ ነጠላ ጫማ ተቀምጧል። ጠዋት አውልቃው ነጩን ጫማ ስታደርግ እንደተወችው፣ አንዱ ተገልብጧል። ሰሐኑን እንደያዙ ጎንበስ ብለው አቃኑት። አሥራ አንድ ጊዜ አነሳሁ። ድምፁን ሰምተው ዞሩ።

«የሷ ነጠላ ጫማ ምን ያደርግልሻል?»

የምመልሰው አጣሁ። ጥቂት ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ሰሐኑን ሰጡኝና ጫማዎቹን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ በሩ፣ ብርሃኑ ወዳለበት፣ አቀረቧቸው።