ሻምፓኝ በጎራዴ፣ ደሴ ላይ

ደሴ ውስጥ እጅህ ሙያ እንዳለው አንዴ ከታወቀ አለቀልህ። የእንጨት ሥራ ቤቴ ከሰኞ ገበያ አለፍ ብላ ነው ያለችው። ሥራዬ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሳጥን ነው። ሰዉ ግን የተሰበረ ምርኩዝ ያመጣል፣ የተሰነጠቀ ሙቀጫ ያመጣል፤ አንድ አዛውንትማ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኝ ያውቃሉ። ስለዚህ ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ጎረቤታችን በጋዜጣ የተጠቀለለ ጎራዴ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሲገቡ ብዙም አልደነገጥኩም። የደነገጠው ሻይ ይዞልኝ የመጣው ልጅ ነው፤ ብርጭቆውን እንኳ ሳይቀበል ሄደ።

«እጀታው ተሰንጥቋል። እሑድ ለሠርጉ ይፈለጋል» አሉኝ።

«ጎራዴና ሠርግ ምን አገናኛቸው ጋሼ?»

«መጠጥ ሊከፈትበት ነዋ!»

«መክፈቻ የለም እንዴ?»

«እኔም ይሄንኑ ነው ያልኩት!»

ነገሩ ወዲህ ነው። የሙሽራው ታላቅ ወንድም ፈረንሳይ ነው የሚኖረው። ለሠርጉ መምጣት አልሆነለትም፤ በካሣው በአንድ ሰው እጅ ይህን በእጅ የተሠራ ጎራዴ፣ በሌላ ሰው እጅ ደግሞ ሁለት ጠርሙስ ሻምፓኝ ላከ። እዚያ አገር በደስታ ቀን የሻምፓኝ ጠርሙስን አንገት በጎራዴ ብሎ መክፈት የታወቀ ወግ ነው። የናፖሊዮን ፈረሰኞች ድል አድርገው ሲመለሱ ከኮርቻ ሳይወርዱ እንዲህ ይከፍቱ ነበር ይባላል። እንዲያውም በ1986 በእነሱ አቆጣጠር «የወርቅ ጎራዴ» የሚል ማኅበር አቋቁመው፣ አባል ሆኖ፣ ማዕረግ ተቀብሎ ጠርሙስ የሚቀላ ሰው አለ። እኛ ለቀብር ዕድር እንገባለን፣ እነሱ ለጠርሙስ።

እጀታው የፈረንጅ ወይራ ነበር። የእነሱ ወይራና የኛ ወይራ ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ እኔ ደግሞ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት የደረቀች የወይራ ጉማጅ ነበረችኝ። ለሁለት ሰንጥቄ፣ የብረቱ ጅራት የሚገባበትን በመሮ ቦርቡሬ፣ በነሐስ ሚስማር ወጋሁት። በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ስጀምር ያ የምናውቀው የታጠነ ወተት ዕቃ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ጥቁርና ቡናማ መስመሮቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ኑግ ዘይት አጠጣሁት። አልዋሽም፣ ከፈረንጁ በለጠ።

ስለቱን በአውራ ጣቴ ብዳብሰው ዱልዱም ነው፤ ለድፎ ዳቦ እንኳ አይሆንም። ገርሞኝ ሳለ ወንድምየው በቴሌግራም ደወለና ምስጢሩን አጫወተኝ። ጎራዴው አይቆርጥም፣ ይመታል እንጂ። የሚመታውም በስለቱ ሳይሆን በጀርባው ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የታመቀው ጋዝ ግፊቱ እስከ 6 አትሞስፌር ይደርሳል፤ የቤት መኪና ጎማ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ጠርሙሱ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የመገጣጠሚያ መስመር አለው፤ ያ መስመር አፉ ላይ ካለው ወፍራም ቀለበት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደካማ ነው። ጠርሙሱን በደንብ አቀዝቅዘህ፣ ወደ ላይ አጋደም አድርገህ ትይዛለህ፤ ጎራዴውን በመስመሩ ላይ አንሸራተህ ቀለበቱን በጀርባው ገጭ! የቀረውን ጋዙ ራሱ ይጨርሰዋል፤ ቀለበቱ ከነቡሹ በርሮ ይሄዳል፣ ስብርባሪውንም ይዞት ይወጣል። ይህን ሁሉ አዳምጬ፣ እጀታውን አስረክቤ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ ወጣሁ። በእኔ ቤት ጉዳዩ ተዘጋ።

ጠርሙሶቹ ቅዳሜ ማታ በሚኒባስ ከኮምቦልቻ መጡ። ሐረጎን የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ ደሴ 2,500 ገደማ እስኪደርስ ድረስ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ሆድም አብሮ ይጠማዘዛል። ረዳቱ ሻምፓኙን ከኋላ ከትርፍ ጎማው ጋር ነበር የጫነው። ለማቀዝቀዝ ፍሪጅ አላስፈለገም፤ ደጅ አሳደሩት። የደሴ ብርድ ምን ሊሠራ ነው!

እሑድ ዳሱ ጢም ብሏል። የወሎ ሠርግ ነውና የክርስቲያኑ ወጥ በአንድ በኩል፣ የሙስሊሙ በሌላ በኩል፣ ጠጁም ብርዙም በየፈርጁ። እኔ ጥጌን ይዤ ዶሮዬን በማጣጣም ላይ ሳለሁ ጎራዴው በሰፌድ ተደርጎ መጣ። ሙሽራው «ሱፉ የኪራይ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ሚዜዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማይክ የያዘው ልጅ (ማይክ የያዘ ሰው መቼም ዝም አይልም) «እጀታውን የሠሩት ባለሙያ እዚሁ አሉ! በጭብጨባ!» አለ። እጀታ የሠራ ሁሉ ጎራዴ መዛዥ ከሆነ ቃሬዛ የሠራ ምን ሊሆን ነው?

ተነሣሁ። ወርቃማውን ወረቀት ላጥኩ፣ ሽቦውን ፈታሁ፣ መስመሩን በአውራ ጣቴ ፈልጌ አገኘሁት። ጎራዴውን አዙሬ ጀርባውን ወደ ጠርሙሱ አፍ አደረግሁ።

«ኧረ ገልብጦ ይዞታል!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ገልብጦታል! ገልብጦታል!» ዳሱ ተቀበለው።

«አብሽሩ፣ እንዲህ ነው የሚያዘው» አልኩ። ማን ይሰማኛል! አንዲት እናት ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ «ልጄ፣ አባቴ ከማይጨው የተመለሱበት ጎራዴ ቤታችን ተሰቅሎ ነው ያደግሁት፤ በስለቱ ነው!» ከማይጨው ጋር ደግሞ ማን ይከራከራል? ይሄኔ ጋሼ ሰዉን እየገፉ መሀል ገቡና ክንዴን ያዙ።

«አንተ ልጅ፣ አታዋርደኝ። አዙረው። ትናንት በገንዘቤ ያሳልኩት በጀርባው ልትመታበት ነው?»

«ምን አደረጉት?»

«ዱልዱም ነበራ! አሳልኩት። አሁን ጢም ይላጫል።»

ወደ ታች አየሁ። ጀርባው ወደ ጠርሙሱ ነው። ጢም የሚላጨው ወገን ትክክል ወደ ሆዴ ዞሯል።

ክርክሩ ጦፈ። ግማሹ ዳስ በስለት፣ ጥቂቱ በጀርባ፣ አንዱ ደግሞ «በጥርስ ክፈቱትና እንጠጣ» ይላል። በዚህ ሁሉ መሀል ሽቦው የተፈታ፣ ሐረጎን ከትርፍ ጎማ ጋር የወጣ፣ አሁን ደግሞ በእጄ ሙቀት የተሟሟቀ ጠርሙስ ማንም ትዝ አላለውም። ቧ! አለ። ቡሹ የጋሼን ባርኔጣ አንሥቶ የድምፅ ማጉያው ላይ ጣለው። አረፋው የኔን ሸሚዝ፣ የጋሼን ካፖርትና ማይኩን አዳረሰ። ማይኩ «እእእክ» ብሎ አረፈ፤ ከሻምፓኙ ያገኘነው ጥቅም ይሄ ነው። በቪዲዮ ስታዩት ጎራዴው አልነካውም፤ ጠርሙሱ መሣሪያ አይቶ በፈቃዱ እጁን የሰጠ ነው የሚመስለው። ሴቶቹ ግን እልልታውን አቀለጡት።

ካሜራ የያዘው ልጅ «በደንብ አልገባልኝም፣ ይደገም» አለ።

ሁለተኛውን ደጅ ካለው ብርድ በቀጥታ አስመጣሁና ለክርክር ጊዜ አልሰጠሁም። በሦስት በኩል ሰው ነው፤ የቀረው በሐጂ ግቢ በኩል ያለው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ወደዚያ ዞርኩ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ፣ አንሸራተትኩ። ጠቅ! ቀለበቱ ከነቡሹ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ጠፋ። አንገቱ ላይ የቀረው ጠርሙስ በመስታወት ቆራጭ የተሠራ ይመስል ልስልስ ብሎ ተቆርጧል፤ አንድ ፍንጣሪ የለም። እጀታውም ንቅንቅ አላለም፣ ይሄን ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣው።

የቀረውን እንደ ጠበል ጠብ ጠብ አድርገው አከፋፈሉት። የማይጨዋ እናት ቀመሱና ብርጭቆውን መለሱ፤ «ለዚህ ነው ጎራዴ የተመዘዘው?» አሉና ጠጃቸውን አስቀዱ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ሐጂ በዳሱ በር ብቅ አሉ። በነጭ መሐረብ ጠቅልለው የያዙትን ገለጥ ቢያደርጉት የጠርሙሱ አንገት ነው፣ ቡሹ አፉ ውስጥ እንደተወተፈ።

«ውዱእ እያደረግሁ ሳለሁ ከሰማይ ወረደ» አሉ ሳቃቸውን አፍነው፤ «ማን ነው ይሄን ያረደው?»

ዳሱ በሙሉ ወደኔ ጠቆመ።

«ቢስሚላህ ብለሃል?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሼ ቀደሙኝ፤ «ምን ቢስሚላህ ይላል ሐጂ፣ ጎራዴውን ገልብጦ ይዞ!»