ዜሮ ስኳር

ዛሬ ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ ጎረቤታችንን ጋሼን አገኘኋቸው። ስኳር አለባቸው። "ያችን ዜሮ የምትሏትን ስጠኝ" ሲሉ ባለሱቁ ልጅ "ኧረ ጋሼ፣ ካንሰር ያመጣል እኮ!" አላቸው።

መልስ አልሰጡትም። አንድ እግሩ በጥቁር ክር የታሰረ መነጽራቸውን አጠለቁና ጣሳውን ወደ ፀሐይ አዙረው "አስ... ፓር... ቴም" እያሉ ለቀሙት፤ ቁራሌው የሚገዛውን ድስት እንደሚያገላብጥ ሁሉ እያገላበጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው "አንተ የተማርከው፣ እውነት ነው?"

የማውቀውን ነገርኳቸው። አስፓርቴም ዜሮ የሚባሉትን ለስላሳ መጠጦች በስኳር ፈንታ የሚያጣፍጥ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ "ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል" ከሚባሉት ተርታ አስገባው፤ ማስረጃው ግን ውስን ነው አለ። ሌላው የባለሙያዎች ኮሚቴ ደግሞ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊግራም የሚለውን ገደብ አልነካውም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ገደቡን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ መጨለጥ አለበት።

"አስራ አራት! ካንሰሩ ሳይደርስ ሆዴ ይፈነዳል" ብለው ሳቁ።

ኤጀንሲው በሚገኝበት በፈረንሳይዋ ሊዮን "ይችል ይሆናል" የተባለው ፒያሳ ሲደርስ "ያመጣል" ሆኗል። መንገድ ላይ ማን እንደቆረጠው እንጃ።

ጋሼ በመጨረሻ ውሃ ገዝተው ሄዱ። ልጁ ሻዩ ውስጥ አራተኛውን ማንኪያ ስኳር እያማሰለ ነበር።