ብይ በጣውላ ላይ፦ የተረፈችው ግማሽ ሰከንድ

ስለ እንቅስቃሴና ኃይል አብረን ለምናጠና ጓደኞቼ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በምኖርበት ሕንፃ ኮሪደር ላይ ያደረግሁትን ልኬት አካፍላለሁ። መሣሪያዎቼ ሁለት ሜትር የሚረዝም ልሙጥ ጣውላ፣ የብርጭቆ ብይ፣ ሜትርና የስልክ ሰዓት ናቸው። የጣውላውን አንድ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ብዩን ሳልገፋ እለቀዋለሁ።

መጀመሪያ የፈተሽሁት ጋሊሊዮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1638 ያሳተመውን ሕግ ነው፤ ከቆመበት ተነሥቶ በወጥ ፍጥንጥነት (ፍጥነቱ በየሰከንዱ በእኩል መጠን እየጨመረ) የሚሄድ አካል የሚሸፍነው ርቀት ከጊዜው ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። ብዩ የመጀመሪያውን 50 ሴንቲ ሜትር በ1.7 ሰከንድ፣ ሙሉውን ሁለት ሜትር ደግሞ በ3.4 ሰከንድ ገደማ ጨረሰ፤ ርቀቱ አራት እጥፍ ሲያድግ ጊዜው የጨመረው በእጥፍ ብቻ ነው። ጋሊሊዮ ጊዜን የለካው ከዕቃ በቀጭኑ የሚወርድ ውኃ እየመዘነ ስለ ነበር፣ በስልክ ሰዓት ላይ ማማረር አያምርብንም።

ብዙ ያሠራኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ኃይል የመጠነ ቁስና የፍጥንጥነት ብዜት ነው በሚለው የኒውተን ሁለተኛ ሕግ፣ ሰበቃን፣ ማለትም ሁለት ነገሮች ሲነካኩ መንሸራተትን የሚቃወመውን ኃይል፣ ትተን ብናሰላ ብዩ በ2.9 ሰከንድ መድረስ ነበረበት። የግማሽ ሰከንዱ ልዩነት በጣት መዘግየት የሚመካኝ አይደለም። አዲስ አበባ ከፍ ያለችና ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ የስበት ፍጥንጥነቱ ከ9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር በጥቂቱ ያንሳል፤ ይህም ቢሆን ውጤቱን የሚለውጠው ከሰከንድ መቶኛ ባነሰ መጠን ነው።

ምክንያቱ የብዩ መሽከርከር ነው። ሰበቃ ፈጽሞ ባይኖር ብዩ ሳይዞር ተንሸራትቶ በ2.9 ሰከንድ ይደርስ ነበር። ሰበቃው ግን ጣውላውን የሚነካውን የብዩን ጎን ወደ ኋላ ስለሚይዘው ብዩ ይዞራል፤ ለድፍን ሉል ሲሰላም ፍጥንጥነቱ ያለ ሰበቃ ከሚኖረው ሰባት እጅ አምስቱ ብቻ ይሆናል። ይህ ሲገባበት ስሌቱ 3.4 ሰከንድ ይሰጣል። ልብ በሉ፤ ብዩ እስካልተንሸራተተ ድረስ ይህ ሰበቃ ጉልበትን ወደ ሙቀት አይለውጥም። ብዩ ከሚያገኘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ሰባት እጅ አምስቱ ለመሄድ፣ ሁለቱ ለመዞር ይከፈላል፤ የብዩ ትልቅነትም ሆነ ክብደት ይህን ድርሻ አይለውጠውም። ሰበቃን ሁልጊዜ እንደ ኪሳራ የሚያስተምረን ልማድ እዚህ ላይ ቢታረም እመርጣለሁ።

በዚያው ጣውላ ላይ የኮንጎ ጫማ ቢቀመጥ ንቅንቅ አይልም። የአሁኑ ሥራዬ ጫማው መንሸራተት እስኪጀምር ጣውላውን ቀስ እያሉ ማንሣት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ያለው ከፍታ ለአግድም ርቀቱ ሲካፈል የሰበቃውን ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር ይሰጣል። ደረቁን ከለካሁ በኋላ ጣውላውን አርጥቤ እደግመዋለሁ፤ በክረምት ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ መኪና ፍሬን ሲይዝ የሚቆምበትን ርቀት ከፍጥነቱ ጋር የሚወስነው ለጎማውና ለመንገዱ የሚለካው እንዲህ ያለው ቁጥር ከመንገዱ ዳገታማነት በምን ያህል እንደሚበልጥ ነውና።