የ1969 ኮርቬት ካምቢዮ አብሮት የተወለደ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ዛሬ የዋልነው አንድ የ1969 (እ.ኤ.አ.) ኮርቬት መኪና ካምቢዮ ላይ ነው። ሻጩ «ኤም 22 ነው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ» ይላል (ኤም 20፣ ኤም 21 እና ኤም 22 የዚህ ካምቢዮ ዓይነቶች ናቸው)። ቁጥሩ ሳይነበብ እንዲህ ያለ ወሬ ላይ ገንዘብ አይወጣም።

በቀኝ በኩል፣ የካምቢዮው ቤት ከኋላ ጭራው ጋር የሚገጥምበትን ቦታ በናፍጣና በናይለን ብሩሽ አጽዱ። የሽቦ ብሩሽ በፍጹም አታስጠጉ! ቤቱ አሉሚኒየም ነው፤ የተመታው ቁጥር ጥልቀት ስለሌለው አንዴ ከተፋቀ ጠፋ ማለት ነው። መብራት ከጎን አጋድማችሁ ስታበሩ ፊደሎቹ ብቅ ይላሉ።

«ፒ9ቢ14ሲ» (P9B14C) ካገኛችሁ፦ ፒ የመንሲ ፋብሪካ፣ 9 ዓመቱ 1969፣ ቢ ፌብሩዋሪ፣ 14 ቀኑ ነው። የመጨረሻዋ ፊደል ዋናዋ ናት፦ ኤ ኤም 20፣ ቢ ኤም 21፣ ሲ ኤም 22። በወሮቹ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሜይ ኢ ሲሆን ጁን ግን ኤች ነው። ቀኑ መኪናው ከተገጣጠመበት ቀን መቅደም አለበት። በ«19ኤስ7» (19S7) የሚጀምረው ሌላው የካምቢዮው ቁጥር ደግሞ መጨረሻው ከሻሲው ቁጥር መጨረሻ አሃዞች ጋር አንድ መሆን አለበት።

ቤቱ ትክክል ሆኖ ሆዱ የተቀየረም ሞልቷል። ካምቢዮው ከወረደ አንደኛ ማርሽ አስገቡና የፍሪሲዮኑን ሻፍት አዙሩ፦ የኋላው አንድ ዙር ሲሞላ ከፊት 2.20 ዙር ከሆነ ኤም 21 ወይም ኤም 22፣ 2.52 ከሆነ ኤም 20 ነው። ኤም 21ን ከኤም 22 የሚለየው የጥርሱ ማጋደል ነው፤ የኤም 22 ጥርስ 20 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚያጋድል ቀጥ ያለ ይመስላል፣ ሲነዳም ያጓራል። የፍሪሲዮኑ ሻፍት ላይ ያለው፣ ሰው ዓይነቱን የሚለይበት ቀለበት መሰል ጭረት ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ሻፍት ይቀየራል።